የኅዳር ቆጠራ

ማር ልገዛ ነበር የሄድኩት። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ሸኮ ላይ ወርጄ፣ ሞተረኛ ይዤ ወደ ጫካው ስንዘልቅ አንዱ ዳገት ላይ ጭቃው ሁለታችንንም ደፋን። ደብተሬን አንስቼ ቀና ስል የመንደሩ ሰው ከቦኛል።

«ይኸው መጡ! ትምህርት ቤታችንን የሚዘጉት እኚህ ናቸው!»

ደብተር የያዘ እንግዳ መቼም የመንግሥት ሰው ነው። ማር ገዥ ነኝ ብል ማን ይስማኝ? አጅበው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወሰዱኝ። ለካ አንድ ቆጣሪ መጥቶ፣ ባዶ ወንበር አይቶ፣ «ተማሪ የለም፤ ወንዝ ማዶ ካለው ጋር ይቀላቀል» ብሎ ሄዷል።

በኅዳር! እዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይቀላል፤ የቀላ ቡና ደግሞ ደወል አይጠብቅም፤ ካልተለቀመ ይረግፋል። እናትም አባትም ልጅም ቅርጫት ይዞ ጫካ ነው። የደብተሩና የዩኒፎርሙ ገንዘብ የሚወጣውም ከዚያው ነው። በኅዳር ተማሪ መቁጠር እሑድ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ሠራተኛ የለም እንደማለት ነው። ወንዝ ማዶውስ? ዝናቡ ሲበረታ ያን ወንዝ አዋቂም አይደፍረው።

ጨሞ አቀረቡልኝ፤ የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር የሚፈላው። ገና አንዴ ፉት ስል እንባዬ ወረደ።

«አያችሁ፣ አዘኑልን!» አሉ አንዲት እናት።

ማር ገዥነቴ ኋላ ቢታመንም አልተለቀቅሁም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ያለኝ እኔ ነኝና አቤቱታ ጸሐፊ ሆንኩ። የሚያጽፉኝ አዛውንት የካቲት 1966ን አነሱ። ያኔ ሴክተር ሪቪው የተባለው ዕቅድ የድሃውን ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊያስቀረው ነው ተብሎ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን አቆየው።

«ጃንሆይን ያስመለሰ አቤቱታ አንድ ቆጣሪ ያቅተዋል?»

ጃንሆይ በቀጣዩ መስከረም ከዙፋን እንደወረዱ ልጨምርበት አሰብኩና ተውኩት፤ ለማመልከቻ አይሆንም።

በማግስቱ ቡና በጫነ አይሱዙ፣ ልጆቹን ጆንያ ላይ አስቀምጠን ወረድን። የትምህርት ቢሮው በር ላይ ደርድረዋቸው «እንግዲህ ይቁጠሩ!» አሉ ኃላፊውን። ኃላፊው ከሣቁ በኋላ ቆጠራው ለቀማው ሲያልቅ፣ ጥር ላይ እንዲደገም ተስማሙ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣

«ይህን የጻፈው ማነው? አይነበብም እኮ!»

አዛውንቱ ወደኔ ጠቆሙ። «እሱን በኅዳር ነው ያስተማሩት።»