ከኮርኒስ በላይ ስላሉ ማያት አጭር ሐተታ

አበው ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ ፈጣሪ ውኃውን ከሦስት ከፍሎ አንዱን እጅ ጠፈር አድርጎ እንዳጸናው፣ አንዱን እጅ ሐኖስ ብሎ ከጠፈር በላይ እንዳሰፈረው፣ የቀረውንም በውቅያኖስ እንደወሰነው ያትታሉ፤ በወላይታ፣ በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ፣ በቦምቤ ከተማ ክረምቱን በቆርቆሮ ቤት የሚያሳልፍ ሰው ግን ለዚህ ምሥጢር ማስረጃ ቢሻ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ በጀርባው ተንጋሎ ኮርኒሱን ቢመለከት ይበቃዋል።

የሐኖሱን መውረድ የሚያበሥረው ምልክት መካከሉ የፈዘዘ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክበብ ነው፤ ውኃው ከጣሪያው አጥቦ ያመጣውን አቧራ፣ ጥላሸትና ዝገት በዳር በዳር ሲደርቅ እዚያው ጥሎት ይሄዳልና። በትርጓሜው ግን ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ አከራዮች «አንድም የአይጥ ሽንት ነው፣ አንድም የቀድሞው ተከራይ ጥፋት ነው» እያሉ ሲያራቅቁ፣ ተከራዮች «ያፈሳል» ከሚለው ነጠላ ትርጉም ንቅንቅ አይሉም። ጸሐፊው በዚህ ክርክር ለመፍረድ ባይደፍርም፣ አይጥ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚሸናበትን ምክንያት ያስረዳ ሊቅ እስካሁን አለመነሣቱን ሳይጠቁም አያልፍም።

ከሁሉ የሚረቀው ነገር፣ ክበቡ ውኃው የደረሰበትን እንጂ የገባበትን አለማመልከቱ ነው። በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው በጎድጓዳው የተመታ፣ ወይም ጎማው በፀሐይ የተሰነጠቀ፣ ወይም የባሕር ዛፉ ማገር እርጥብ ሳለ ተመትቶ ሲደርቅ የላላ ሚስማር ያሳለፈው ጠብታ፣ ወራጁን ተከትሎ ቁልቁል ይጓዝና በሳሎን ገብቶ በመኝታ ቤት ይገለጣል፤ ስለዚህም ከክበቡ አናት ሬንጅ የሚለቀልቅ ሠራተኛ ጤነኛውን ቆርቆሮ ሲያክም ይውላል። የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 800 ሊትር ማውረዱን ላሰበ ሰው፣ አንድ ሳፋ መሙላቱ እንደ ቸርነት ይቆጠራል።

እጅግ የተመሰከረለት መድኃኒት በመስከረም፣ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ኮርኒሱን ነጭ ቀለም መቀባት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አንዳች ሳያንጠባጥብ ያልፋሉ፤ ፈውሱ የበጋው እንጂ የቀለሙ አይደለም የሚል ሰውም እስከ በልግ ድረስ ሰሚ አያገኝም።

አንባቢ ሆይ፣ የክበቡን ዳር በእርሳስ ከበህ ቀኑን ጻፍበትና ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ አመሳክር፤ ከሰፋ በቀትር ከኮርኒሱ በላይ ወጥተህ በጨለማው ውስጥ ብርሃን የሚሰርቅበትን ቀዳዳ ፈልግ። ኮርኒሱ ውኃ ቋጥሮ ከተቆዘረ ባልዲ ደቅነህ ዝቅ ያለውን ስፍራ በሚስማር ብሳው፤ ከዚያ አስቀድመህ ግን፣ የመብራት ገመዱ የሚያልፈው በዚያው በሐኖሱ ውስጥ ነውና፣ ቆጣሪውን አጥፋ።