በሩ መወርወሪያ የለውም፣ ልጁ ክላሽ አማረው

የዘንድሮ ልጆች ምክር የሚጠይቁት ጨርሰው ከወሰኑ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ከጁምዓ ሶላት መልስ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። ጉልበቴ በደኅና ቀን የሚሳመው ለዒድ ብቻ ስለሆነ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ። «አባባ፣ ቤቴን የምጠብቅበት ጠብመንጃ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» አለ። ልግዛ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትውልድ ከእኛ ጋር አለቀ።

ቤት የሚላት ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ከፍ ብላ የተሠራች ባለ አንድ ክፍል ናት፤ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ። በሯ መወርወሪያ የለውም። ሌሊት የሚዘጋው በሽቦ ነው፤ ሽቦውንም ጥጃዋ በአፍንጫዋ ገፍታ ስትፈታው በዓይኔ አይቻለሁ። ውስጥ ያለው ንብረት አንድ የጤፍ ጎታ፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚያጠምድበት መረብ፣ ሚስቱ ይዛው የመጣች ሣጥንና በፀሐይ የሚሞላ መብራት ነው። ይህን ለመጠበቅ በሬውን ሊሸጥ ተነሥቷል። በሬው ሲሸጥ የንብረቱ ትልቁ ክፍል ሄደ፤ የቀረውን ጠብመንጃው ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ እንዲማር ብዬ ነው በልጅነቱ ደብተር የገዛሁለት!

እኛ ወሎዬዎች ጠብመንጃ ብርቃችን አይደለም። የጠብመንጃን ነገር ከእኛ በላይ ያየ አገር ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጋፋት ላይ አሠርተው፣ ሰባት ቶን የሚገመተውን ብረት በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ አምባ አወጡት። ቤቴን ልጠብቅ ብሎ ከዚያ የሚበልጥ መሣሪያ ያስገባ አባወራ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በ1860 ሚያዝያ እንግሊዝ አምባው ላይ ሲወጣ ያ ሁሉ ብረት ምን ፈየደ? መድፉ አሁንም እዚያው ተጋድሞ ይኖራል። በንጉሡ እጅ ላይ የቀረችው ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ሽጉጥ ነበረች፤ እሷም በማን ላይ እንደ ተተኮሰች ታውቃላችሁ።

ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ደግሞ ውጫሌ አለች፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክና ጣሊያን የተዋዋሉባት። ሰው ሁሉ አንቀጽ 17ን ሲያነሣ ሲጥል ይኖራል። እኔን የሚያስቀኝ ጠብመንጃው ነው። ጣሊያን ወዳጅ ነኝ እያለ ለምኒልክ ጠብመንጃና ጥይት ሲያቀብል ከርሞ፣ በ1888 ዓድዋ ላይ ከሰጠው ላይ ድርሻውን ተቀበለ። ንጉሥ ሚካኤልም ያን ሁሉ የወሎ ነፍጥ አስከትለው ወርደው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው ተኩሰዋል። ደሴ ግን ነደደች። ንጉሥ ቤቱን በጠብመንጃ መጠበቅ ባቃተው አገር አንድ ቆሮሶ አጥማጅ በታጣፊ ክላሽ ሊችል!

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ስልኩን ይነካካል። «አባባ፣ ታሪኩ ይቆይ፤ የቱ ይሻላል?» ይላል። እሺ፣ እንምረጥ አልሁት።

አባቴ ምንሽር ነበረችው። ግድግዳ ላይ ተሰቅላ እንግዳ ሁሉ አንገቱን ቀና እያደረገ ያያት ነበር፤ ሥራዋም እሱ ነበር፣ መታየት። ምንሽር ይዘህ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ብትዞር አፈሙዙ ጎታውን ይነድላል፣ ሰደፉ ምጣዱን ይሰብራል፤ ሌባው አንድም ሳይነካ ቤቱን አንተው ታፈርስለታለህ። ጥይቷም ዛሬ ከየት ይመጣል? አባቴ የቀሩትን ጥይቶች በጨርቅ ጠቅልሎ ጣሪያው ውስጥ ሸሸገ፤ የት እንደ ሸሸጋቸው ሳይናገር ሞተ። አላህ ይማረው፣ እሱ ካለፈ በኋላ በዚያ ቤት ጣሪያ ላይ ደፍሮ ምስማር የመታ ሰው የለም። ክረምት በገባ ቁጥር እያፈሰሰብን ኖርን።

ሽጉጥስ? ጋቢ ሥር ይደበቃል፣ ለማንሣትም ይቀላል። ነገር ግን ሽጉጥ ያልሠለጠነ እጅ ውስጥ ሲገባ በጠራራ ፀሐይም ዒላማውን ይስታል፤ ጨለማና ድንጋጤ ሲጨመሩበት የሚመታው የያዘውን ሰው ነው። ሲያወጣት ጭኑን የመታ ዘመድ አለኝ። ዛሬም ሲያነክስ የጦር ሜዳ ቁስል ነው ይላል፤ እኛም ለሚስቱ ስንል እናምናለን።

አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ በስልክ ገባበት። እዚያ ጠብመንጃ በሱቅ ይሸጣል፤ ሰው መርጦ ለክቶ ይገዛል። ለቤት የሚሻለው ፍሬ እርሳስ የሚረጨው የአደን ጠብመንጃ ነው፣ እንደ ክላሽ ርቆ አይሄድም ብሎ አንድ ሰዓት አስተማረን። ለእሱ አገር ልክ ይሆናል። እዚህ ግን ያንን ጠብመንጃ ብታገኝ ጥይቱን አታገኝም። ሌባውም ቢሆን የእሱ አገር ሌባ አይደለም። እዚያ መስኮት ሰብሮ ይገባል፤ እዚህ «ቤቶች!» ብሎ ነው የሚገባው። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ፣ መርቆ፣ የልጆቹን ጤና ጠይቆ ይወጣል። ፍየሏ የምትጠፋው በማግሥቱ ነው። ቡና የጠጣን ሰው በየትኛው ጠብመንጃ ነው የምትመታው?

ልጁ የልቡን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ክላሽ፣ እሱም ታጣፊ። እሺ፣ ክላሽን እንየው። ካላሽኒኮቭ የሚባለው ሩሲያዊ የሠራው ሜዳ ላይ ለሚዋጋ ወታደር ነው። ካርታው 30 ጥይት ይጎርሳል፤ ጥይቷ ከአፈሙዙ ስትወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ትፈጥናለች። የጭቃ ግድግዳ አይታ አትቆምም። ሌባውን ብትስተው፣ መሳትህም አይቀርም፣ ግድግዳህን አልፋ፣ በረቱን አልፋ፣ የጎረቤትህን ግድግዳ በስታ መደብ ላይ የተኛውን ሕፃን ታገኛለች። ሌባውን ብትመታውም እሱን አልፋ ትሄዳለች። አንተ የምትጠብቀው አንዲት ክፍል፣ ጥይትህ የምትደርሰው አርዲቦ መሐል! ለቆሮሶው ከሆነ መረብህ ይበቃህ ነበር።

ደግሞ ሌባ ክላሽ ያለበትን ቤት ይሸሻል ያለው ማን ነው? ይመርጠዋል እንጂ። ጤፍ ይከብዳል፣ ፍየል ትጮኻለች፣ ክላሽ ግን ታጥፎ ጋቢ ሥር ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያወጣውም እሱ ነው። የሚሰረቀውም ባለቤቱ ገበያ በወጣበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያቺን ሽቦ ፈትቶ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰረቀውን ጠብመንጃ ከያዘ ሌባ ቤትህን የምትጠብቅበት ሌላ ጠብመንጃ ልትገዛ ላሟን ትሸጣለህ።

በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ ሁሉንም አይተናል። አንድ ክላሽ ይዞ ጦር የመለሰ ቤት አላየሁም። መሣሪያ አለበት የተባለው ቤት ነበር ተመላልሶ የሚፈተሸው። አንድ ጎረቤቴ ክላሹን ማሽላ ማሳው ውስጥ ቀብሮ ሸሸ፤ ሲመለስ የቀበረበት ቦታ ጠፋው። ዛሬም ሲያርስ ማረሻው ከድንጋይ በተጋጨ ቁጥር በሬዎቹን አቁሞ ተንበርክኮ ይጭራል። ከመንደሩ ሁሉ ማሳው ላይ ድንጋይ የማይገኝበት ገበሬ እሱ ብቻ ነው፤ ምርቱም ጨምሯል። ይህ በጠብመንጃ ምክንያት ሲጠቀም ያየሁት ብቸኛ ሰው ነው።

ፈቃዱን ጠየቅሁት። ዝም አለ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ሕግ አለ፤ ተቆጣጣሪው ፌዴራል ፖሊስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ ማዘዋወርም ያስቀጣል። «ግድ የለም አባባ፣ ሰውዬው በሌሊት ያመጣልኛል» አለ። በሌሊት! በሌሊት የሚመጣን ሰው እንዲከላከልለት በሌሊት ከሚመጣ ሰው ሊገዛ! ሳቄን ለመያዝ ብዬ ሻዩ ትን አለኝ፤ ሚስቴ ከጓዳ «ምን ሆኑ አንቱ?» እያለች ሮጠች። የሆንሁትን ስነግራት እሷም ሳቀች፤ ልጁ አኮረፈ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነቱ የወጣው፤ የዚህ ዓይነት እውነት ሁልጊዜ ኩርፊያ ውስጥ ነው የሚገኘው። የፈራው ሌባ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከአጠገቡ ካለው አባወራ ጋር በወሰን ተጣልቷል። አንዱ በማረሻው አንድ ትልም ገፋ፣ ሌላው የወሰን ድንጋይ አነሣ፤ የመሬት ደብተር አምጥተው ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። ያኛው መሣሪያ ገዛ የሚል ወሬ መጣ። ይሄኛውም ልግዛ አለ። የወሬውን ምንጭ ብንከታተል ያኛውም ይሄኛው ሊገዛ ነው ሲባል ሰምቶ ኖሯል። ሁለት ሰዎች ያልተገዛ ጠብመንጃ ፈርተው ሁለት በሬ ሊሸጡ ነው። አርዲቦ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ሐይቅ ሲፈስ ይኖራል፤ ማን ገፋኝ ብሎ የጠየቀ የለም። እነዚህ በአንዲት ትልም!

በዚህ ነገር ላይ ቀልዴ ያልቃል። ብዙ ዘመን ሽምግልና ተቀምጫለሁ። ለቤቴ ጥበቃ ተብሎ የተገዛ ጠብመንጃ ሌባ መታ ተብሎ የቀረበልኝ ጉዳይ ትዝ አይለኝም። የቀረበልኝ ወንድም ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ጥይት መጉረሱን ሳያይ የአባቱን ክላሽ የነካካ ልጅ ነው። ወሎ ለዚህ አበጋር የሚባል ሥርዓት አላት፤ ከአባት ለልጅ እየተላለፈ የመጣ፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ አስቀምጦ ደም የሚያደርቅ። ካሳው ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ እርቁ ይወርዳል። የሞተው ግን አይነሣም፤ ገዳዩም ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው። ታዲያ አበጋሮቹን ደም ከፈሰሰ በኋላ ከመጥራት ትልሟ ላይ ሳለን ብንጠራቸው ምን ይጎድልብናል? አንድ ሙክትና የጀበና ቡና ነው ወጪው። ከክላሽ ይረክሳል።

ጠራናቸው። ሁለቱ አባወራዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አንዳቸው የሌላውን ክላሽ በዓይናቸው ሲፈልጉ ሳይ በሳቅ ልፈርስ ነበር። ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔም ለልጁ ምርጫዬን በሽማግሌ ፊት ተናገርሁ፦ መጀመሪያ የብረት መወርወሪያ፣ ቀጥሎ ውሻ። ውሻ ሲባል ሚስቱ ፊቷን አጨማደደች። ሸሁን አስጠየቅሁላት፤ ለከብትና ለሰብል ጥበቃ ይፈቀዳል፣ ውጭ ይደር አሉ። ሦስተኛው ኡኡ ሲባል የሚደርስ ጎረቤት ነው፤ እሱንም ያን ዕለት በሙክት ገዛነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጠብመንጃ ካማረው በቀን፣ በፈቃድ፣ አያያዙን ተምሮ፣ ጥይቱን ከመሣሪያው ለይቶ፣ ሁለቱንም ቆልፎ ይያዝ። መቆለፊያ የሚገባበት በር ግን መጀመሪያ ያስፈልገዋል።

ጠብመንጃን ካነሣን አይቀር፣ ጥር ላይ ሌላ የልጅ ልጅ እድራለሁ፤ እናንተንም ጠርቻለሁ። በየሠርጉ ወደ ሰማይ የምትተኩሱትን አውቃችኋለሁ። ወደ ላይ የወጣች ጥይት ትመለሳለች፤ የምትመለሰውም በዳስ ላይ፣ በቆርቆሮ ላይ፣ በሰው ራስ ላይ ነው። ደስታችሁን በእልልታ ግለጹልኝ፤ እሱ ካልበቃችሁ ጭፈራ አለ። መሣሪያችሁን ቤታችሁ ቆልፋችሁ ኑ። ይዞ የመጣ በዳሱ በር ላይ እኔን ያገኘኛል፤ ጥይቱን ሳያስረክብ ወጥ አይቀርብለትም።