ባት ሆይ፣ ስንት ልቁጠርልህ?

ጌታው፣ እንኳን ደስ አለዎት! ባትዎ አልወፍር ያለበት ምክንያት ተገኝቷል፤ የቁጥር ስህተት ኖሯል። እርስዎ አንዱን ቁጥር ሲቆጥሩ ኖረው፣ ለካ ባት ሲጠብቅ የነበረው ሌላውን ነው። ከእንግዲህ በጣና ዳር በቁምጣ የመንሸራሸሪያው ቀን ቀርቧል።

ከወገብ በላይማ ማን ይስተካከልዎታል! ደረትዎ ከእርስዎ ቀድሞ በር ይገባል፤ ክንድዎ የሸሚዝ ስፌት ያስጨንቃል። ከጉልበት በታች ያለው የሽመላ እግር ግን እስካሁን በጂንስ ተሸፍኖ ኖሯል። የባሕር ዳርን የግንቦት ሙቀት ለሚያውቅ፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ጂንስ ለብሶ መዋል ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በወጣትነቱ ባቱ ቢያሳፍረው፣ ሰው አይቶ እንዲስቅበትና እልህ እንዲይዘው ብሎ የሱሪውን እግር ቆረጠ። ሞኝ! ሱሪ ማስረዘም እየተቻለ።

የሥልጠናው ሥርዓትም ያስቀናል። ሰኞ ደረት። ማክሰኞ ክንድ። ረቡዕ፣ ደረት ቅር እንዳይለው፣ እንደገና ደረት። ባት የሚታወሰው ዓርብ፣ ጉልበት አልቆ ፎጣ ትከሻ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ያኔ የቁጥር ሰንጠረዡ ከስልክ ይወጣል፦ አንድ ሳምንት 8፣ አንድ ሳምንት 15፣ አንድ ሳምንት 30። ተረከዝ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ትልና ነጥራ ትመለሳለች። መሐል ላይ ስልክ ይጠራል። ከወሬው በኋላ «ስንት ደርሼ ነበር?» ተብሎ ጓደኛ ይጠየቃል። 30ው ሲሞላ ባት አልደከመም፤ የደከመው ቆጣሪው ነው።

ቁጥር መለዋወጥ ነውር ነው ያለ የለም። ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 የተጎዱ ወታደሮችን በከባድ ክብደት እንዲያገግሙ ስለ ማድረግ ከጻፈ ወዲህ፣ ዐሥር ዐሥር እያሉ ማንሳት የጂም ሁሉ ልማድ ሆነ። ባት ግን አዝጋሚ የጡንቻ ክር ስለሚበዛበት ብዙ ቁጥር ይሻል የሚሉ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪው ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈተኑት፦ የአንድ ሰው አንደኛው እግር በከባድ ክብደት ከ6 እስከ 10፣ ሌላኛው በቀላል ከ20 እስከ 30 ጊዜ፣ ለስምንት ሳምንት። የሁለቱም እግር ባት ተቀራራቢ ዕድገት አሳየ። ምክንያቱም ሁለቱም አንዲት እንኳን መጨመር እስኪያቅታቸው ድረስ ተሠርተዋል። ይህቺ ነገር ግን ለሰንጠረዥ አትመችም፤ ታቃጥላለች።

ጅማቱ ረዝሞ ሥጋው ወደ ላይ የተሰበሰበ ባት ይዞ የሚወለድ እንዳለም አይካድም። ጌታው ግን ውርሱን ከመክሰስዎ በፊት ርስቱን አርሰውት ያውቃሉ?

ለነገሩ መቼ ጊዜ አለዎት። የብስክሌት ከተማ በምትባለው ባሕር ዳር ጂም የሚሄዱት በባጃጅ ነው፤ እግርዎን ላለማድከም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይም በባጃጅ ይሻገራሉ። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ካለበት ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ዓባይን ከኋላ አድርገው የተነሡት ፎቶ ግሩም ነው፤ ያው ከወገብ በላይ። ገበያ ውስጥ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ከመኪና መኪና የሚመላለሰው ወዛደር ባት እንዴት እንደዚያ እንደ ጠነከረ ሲጠይቁ ግን ሰምተንዎት አናውቅም። ቢጠይቁትም አይጠቅምዎትም፤ የእሱ ቁጥር በብር ነው።

አሁን ደግሞ ሰንጠረዡ ተሻሽሎ እንደሚወጣ ሰምተናል። 8፣ 15፣ 30 ስላልሠራ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ 9፣ 16፣ 31 ይሞከራል። የደረት ቀን አይነካም።