ሃሪሰንን የተሸከመ ስልክ

በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን በሥርዓተ ትምህርቱ ያልተመዘገበ፣ ግን ተማሪው ከሁሉ አብልጦ የሚተጋበት አንድ ኮርስ አለ፤ መጽሐፍ መምረጥ ይባላል። ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይጀመራል። ለፊዚዮሎጂ ጋይተን ይሻላል ወይስ ጋኖንግ? ለፓቶሎጂ ትልቁ ሮቢንስ ወይስ ትንሹ? ሃሪሰን ይነበባል ወይስ ለግርማ ሞገስ ብቻ ይያዛል? ሙግቱ እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ ተሟጋቾቹም ደክሟቸው፣ ግን ቀኑን በጥናት እንዳሳለፈ ሰው ኅሊናቸው ረክቶ ይተኛሉ። አንድም ገጽ ሳይገልጡ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል ተሰጥኦ አይደለምና ልናከብራቸው ይገባል። ቴሌግራም ደግሞ ጥበቡን ለሁሉ አዳርሶታል። ድሮ ሃሪሰንን የያዘ ተማሪ ቢያንስ ትከሻው ይዝል ነበር፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ አለማንበብም ትንሽ ያሳፍር ነበር። ዛሬ ስልኩ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተሸክሞ አያቃስትም። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ያሉ አባቶች ፒዲኤፍን አስቀድመው ሳያዩት አልቀሩም።

ይህን የመሰለ ጨዋታ የሚያደፈርሱ ሰዎች ግን አይጠፉም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ለተማሪዎቻቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጡ። ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ጭካኔ ነው! አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ብቻ አንብቦ፣ በቀሪዎቹ ሦስቱ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 83 ከመቶ፣ ሌሎቹ 71 ከመቶ አስታወሱ። ሳምንት ቆይቶ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ ወደ 40 ሲያሽቆለቁሉ ራሳቸውን ሲፈትኑ የነበሩት 61 ላይ ቆዩ። ጽሑፉ ያው ነው፤ ያን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ተማሪው ከጽሑፉ ጋር የሠራው ሥራ ነው። እኛም ዘንድ ራስን መፈተኛ አልጠፋም፤ ያለፉት ዓመታት ጥያቄ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ብቻ ተማሪው ለማሰብ እንዳይቸገር መልሱ አስቀድሞ ተከቦለት ነው።

«ሲኒየሩ ግን በዚህ መጽሐፍ ነው ኤ ያገኘው» ይባላል። ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የጎደለው አንድ ምስክር ብቻ ነው። የወደቀውን «አንተስ ምን አነበብክ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም፤ ቢጠየቅ ያንኑ መጽሐፍ ሊጠራ ይችላልና ባይጠየቅ ይሻላል። ደግሞ ባለ ኤው ለፈተናው ያንን መጽሐፍ ስንቴ ከድኖ ለራሱ እንደመለሰው የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው እትሙ ስንተኛ እንደነበር ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መጥፎ መጽሐፍ ይጎዳል፣ ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። እውነት ነው፤ እዚህ ላይ መሳለቁን ላቁም። ፈርስት ኤይድ የተባለው መጽሐፍ በየዓመቱ የሚታደሰው ለአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ነው። ካላዛር የተባለውን በሽታ እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ ቀዳሚው መድኃኒት ሊፖሶማል አምፎተሪሲን ቢ ነው፤ ሁመራና መተማን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ለዓመታት ቀዳሚ ሆኖ የቆየው ለ17 ቀናት የሚሰጠው የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን ጥምር መርፌ ነው። ለሌላ አገር በሽተኛ የተጻፈውን እዚህ እንዳለ የሚሸመድድ ሐኪም አደገኛ ነው። እንግዲህ መራጭ ከተባለ የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህ መጽሐፍ ለማን በሽተኛ ተጻፈ?» መሆን ነበረበት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው የጤና ሚኒስቴር የሕክምና መመሪያ ደግሞ በነጻ ይገኛል። ጉድለቱ ይኸው ነው፤ ስሙ አይማርክም፣ ትልቁና ትንሹ ተብሎ አይከፈልም፣ እኩለ ሌሊት ድረስም አያሟግትም። መመሪያውንና አንድ ደህና መጽሐፍ ይዞ ምርጫውን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከዚያ ለሚተርፉት ሃያ ቀን ተኩል ግን ለተማሪዎቻችን ሌላ ሥራ ሊፈለግላቸው ነው።