ጭላዳው ለማስተርሱ ምን ያደርጋል?

በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ የሚጠየቀውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ለቆጠረ ሰው፣ አገራችን ለሳይንስ ያላት ጥንቃቄ እጅ በአፍ የሚያስጭን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይኑርህ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትህ ከተማርክበት ዩኒቨርሲቲ ይላክ፤ እንዲላክልህ ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ዕዳህን መክፈልህ ይረጋገጥ፤ መሥሪያ ቤትህ የስፖንሰር ደብዳቤ ይጻፍልህ፤ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እለፍ፤ ኮርስህን ስትጨርስ አማካይ ውጤትህ ከ3.00 አይውረድ፤ ፕሮፖዛል አቅርብ፤ አማካሪህ ይፈርም፤ ዲፓርትመንቱ ይፈርም፤ ወረዳው የትብብር ደብዳቤህን ተቀብሎ ለቀበሌው ይምራልህ፤ ቴሲስህን ታይምስ ኒው ሮማን በሚባለው ፊደል፣ በ12 መጠን፣ በአንድ ተኩል የመስመር ርቀት ጻፍ፤ በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት ተከላከል፤ የታረመውን አስጠርዘህ አስረክብ። በዚህ ሁሉ መካከል «ለመሆኑ ሕይወት ያለው ነገር አይተህ መጣህ ወይ?» የሚል ጥያቄ የለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ነቃፊዎች አሉ። እኔ ግን የሥርዓቱ ጥበብ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ባዮሎጂን ከእንስሳና ከዕፅዋት ለማላቀቅ ብዙ ርቀት ተጉዘናል፤ የቀረን ጅምሩን በመመሪያ ማጽናት ብቻ ነው።

የመላቀቁን ጥቅም ለማየት ለሚን መውሰድ ይበቃል። ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል። ከእሷ አለፍ ሲሉ ደጋው ድንገት ያልቅና ጀማ ሸለቆ ይጀምራል። ከገብስና ከስንዴ ማሳ ተነሥቶ ቁልቁል የወረደ ሰው በዚያው ቀን ማሽላ ውስጥ ይገባል። ለባዮሎጂ ተማሪ ከዚህ የባሰ የፈተና ቦታ የለም። ገደሉ ላይ ጭላዳ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ወጥቶ ተቀምጦ ሣር ይግጣል። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው እሱ ብቻ ነው፤ አገሩም ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ከታች በወንዙ ዳር ደግሞ የሃርውድ ቆቅ የሚባለው ወፍ አለ። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስም አወጣለት፤ ከአባይና ከገባሮቹ ሸለቆዎች ውጭ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ወፍ ተመልካች ፈረንጆች መነጽራቸውን አንግተው፣ ከባሕር ማዶ ተነሥተው፣ ይህን አንድ ቆቅ ፍለጋ ጀማ ይወርዳሉ። እነሱ እንግዲህ የማስተርስ ተማሪዎች ስላልሆኑ ወፉን ማየት ግድ ይሆንባቸዋል።

ለተማሪው ግን ሥርዓቱ ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያወጣ መንገድ አበጅቶለታል። መንገዱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም 384 ነው። 1.96ን በራሱ አባዛ፤ በ0.5 አባዛ፤ እንደገና በ0.5 አባዛ፤ ያገኘኸውን 0.05 በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር አካፍል። 384.16 ይወጣል። ነጥብ አሥራ ስድስቷ ሙሉ ልጅ ስለማትሞላ ትጣላለች፤ እምቢ የሚል ቢኖር ተብሎ 10 በመቶ ሲታከልበት 422 ይሆናል። የቀሩት ምዕራፎች ከዚህ ቁጥር በኋላ ራሳቸውን በራሳቸው ይጽፋሉ። ከወረዳው አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመረጣል፤ 384 ልጆች ሰገራ ያመጣሉ፤ ወስፋት ይገኛል፤ ጃርዲያ ይገኛል፤ ኤስፒኤስኤስ የተባለው ሶፍትዌር ፒ ከ0.05 በታች መሆኗን ያበስራል። ጥናቱም ልጆች ጫማ እንዲያደርጉ፣ እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ ሽንት ቤት እንዲሠራ አጥብቆ ያሳስባል፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህንኑ ያለ ማስተርስ ቤት ለቤት እየዞረች ስትናገር ኖራለች። ወስፋት ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። እኔን የሚያስደስተኝ ያቺ 0.5 ናት። እሷ ወደ ቀመሩ የምትገባው ስለ ጉዳዩ ቀደም ብሎ የሚታወቅ ነገር ከሌለ ነው። አንዱ ተመርቆ ይወጣል፤ ተከታዩ ወደ ጎረቤት ወረዳ ይሄድና ምንም እንዳልታወቀ ቆጥሮ ከግማሽ ይጀምራል። ዕውቀት እየተጠራቀመ ቢሄድ ኖሮ ቀመሩን የሚያበላሽብን እሱ ነበር፤ እግዜር ይስጠን፣ እንዳይጠራቀም ተደርጓል።

ከወስፋት ቀጥሎ የተወደደው የባህል መድኃኒት ዕፅዋት ጥናት ነው። እዚህ ላይ «ተማሪው ዕፅዋት ያያል፤ ሥርዓቱ ተጣሰ» ብሎ የሚሰጋ ካለ አይስጋ፤ ተማሪው የሚያየው መጠይቅ ነው። ወደ ሽማግሌዎችና ወደ እማማዎች ደጅ ይሄዳል፤ ምች ሲመታዎ ምን ያደርጋሉ ብሎ ይጠይቃል። ዳማከሴ ይሉታል። ለኮሶ ትልስ? ኮሶ። እነዚህ ሁለት ግኝቶች የመረጃ ሰጪዎች የስምምነት መጠን በሚባል ቀመር ውስጥ አልፈው ከፍተኛ ስምምነት ያስመዘግባሉ፤ ስምምነቱ እውን ከፍተኛ ነው፤ በሸዋ ምድር ዳማከሴ ለምች መሆኑን የማይስማማ ሰው አልተወለደም። ያስተማሩት እማማም ክብራቸው አልተጓደለም። በአባሪው ሰንጠረዥ መስመር ተሰጥቷቸዋል፤ ከስማቸው ፈንታ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃ ዓምድ ደግሞ «ያልተማረ»። ቴሲሱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህን አንብበው ቅር የሚላቸው ነገር የለም። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው፣ ከጥቅሙም እንዲጋራ ይደነግጋል። ሕግ አዋቂዎች ጥቅም ከየት ይመጣል ብለው እንዳይጨነቁ፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ሳይወርድ ስለሚቀር የሚካፈሉት ነገር አይፈጠርም።

ነቃፊዎች በዚህ ጊዜ የሚመዙት ስም የዶክተር አክሊሉ ለማን ነው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ብልሃርዝያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያች ዕይታ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል የሚያሳይ ምርምር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ለተማሪ ግን መጥፎ አርአያ ነው። የእንዶዱ ነገር በጸደቀ ፕሮፖዛል ላይ ሰፍሮ ነበር ወይ? የሴቶቹ ቁጥር 384 ይሞላ ነበር ወይ? ያጋጠመውን ነገር ቆም ብሎ ማየት ርዕስ ያስቀይራል፤ ርዕስ መቀየር የአማካሪ ፊርማ ይጠይቃል፤ አማካሪው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሴቶቹ አጥበው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው የሚመዙት ምሳሌ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ፣ ካሊፎርኒያ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጭላዳዎችን ይከታተላል። በብርድ ተቀምጠው ሲያዩ ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሰላማዊ መስሎ እንደሚውል ታዘቡ፤ ሲቆጥሩት ቀበሮው ከመንጋው ጋር ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የተሳካለት 25 በመቶ ብቻ ነበር። መልካም ግኝት ነው፤ ቀበሮውንም ጭላዳውንም ለሚያውቀው አገር ቤት ልጅ ግን መስፈርታችን ይህን አይፈቅድለትም። በእኛ ዘንድ የመረጃ መሰብሰቢያው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው፤ ጭላዳውም በመጠይቅ ይጠናል። ገበሬው «ጭላዳ ሰብል ያጠፋብዎታል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አዎ» ይላል፤ ይኸው የሰውና የዱር እንስሳት ግጭት ተጠና ማለት ነው። ጭላዳው ራሱ የስምምነት ቅጹን ስላልፈረመ ከጥናቱ ውጭ ሆኗል።

ከዚህ ይልቅ ጠንከር ያለው መቃወሚያ የገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ሽሙጤን ገታ ላድርግ። ለቴሲስ የሚሰጠው ገንዘብ፣ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጀማ ወርዶ ሁለት ሳምንት ለመክረም እንኳ አይበቃም። ብዙዎቹ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናቸው፤ ዓመቱን ሲያስተምሩ ከርመው በክረምት ይማራሉ፤ ያውም ደጋው በጭጋግ በሚታፈንበት፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት። ዲግሪው የደመወዝ እርከን ያስጨምራል፤ ልጆቻቸውን የሚያበላ ነገር ነው። እነዚህን ሰዎች ቆቅ አላያችሁም ብሎ መክሰስ ነውር ነው። መጠየቅ ያለበት ያን ያህል ደብዳቤና ፊርማ አስቦ ለአንድ መነጽርና ለአንድ ድንኳን መስመር ያጣው መስፈርት አውጪ ነው። ለቅጹ የሚወጣው ገንዘብ እኮ አልጠፋም፤ የኅትመቱ፣ የጥራዙ፣ የፈታኙ አበልና ትራንስፖርት፣ የመከላከያው ቀን ለስላሳና ምሳ ሁሉ ተገኝቶለታል።

ሽሙጡን የሚያስቀጥለኝም መከላከያው ነው። ኤክስተርናሉ ጥራዙን ገለጥ አድርገው ገጽ 4 ላይ ኮማ መጥፋቱን፣ የሠንጠረዥ 2 ርዕስ ከላይ መሆን ሲገባው ከታች መዋሉን፣ የላቲን ስሞች ያልተጋደሙበትን ቦታ ይዘረዝራሉ። እነዚህ ጥያቄዎች የሚደነቁት አድልዎ ስለሌለባቸው ነው፤ ስለ አሳ፣ ስለ ግራር፣ ስለ ወባ ትንኝ የተጻፈ ሁሉ በአንድ ዓይነት ይመዘንባቸዋል። ፈታኙ ጀማን አያውቁትም፤ ተማሪውም ብዙ አላየውም፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሐሳብ ልዩነት አይነሣም። በዚህ ሚዛን የላቀ ውጤት የሚያመጡት፣ እውነቱን ለመናገር፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶና በቴሌግራም ላይ «ቴሲስ እናማክራለን» ብለው የሚያስተዋውቁት ባለሙያዎች ናቸው። ኅዳጋቸው ተዛንፎ አያውቅም። እነሱን ወንጀለኛ ማድረግ ግፍ ነው፤ መስፈርቱ ቅጹን ብቻ ከጠየቀ፣ ቅጹን አሟልቶ የሚሸጥ ሰው መስፈርቱን ከማንም በላይ አክብሯል።

አንድ ቁም ነገረኛ ተቃዋሚ ይቀራል። እሱ የሚለው እንዲህ ነው፤ ቆጠራና ዝርዝር የባዮሎጂ መሠረት ነው፤ ዛሬ የተናቀው የወረዳ ጥናት ነገ ተደምሮ የአገር ዕውቀት ይሆናል። ምሳሌም አለው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድብል ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 እስኪጠናቀቅ ብዙ የዕፅዋት ሊቃውንት ደክመውበት ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል። ምሳሌው እውነት ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለእኔ ወገን ነው። ያ ሥራ ሊደመር የቻለው እያንዳንዱ ቅጠል ተለቅሞ፣ ተጨፍልቆ፣ ደርቆ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ተጽፎበት በሄርባሪየም ስለተቀመጠ ነው፤ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ያየዋል። የ384ቱ ልጆች ጥናት ግን ከሌላው ወረዳ ጋር አይደመርም፤ ጥሬ መረጃው ከተማሪው ላፕቶፕ ጋር አብሮ ይሄዳል። እነዚያ የዕፅዋት ሊቃውንት ድንጋይ መውጣት ስላልሰለቻቸው ሠላሳ ዓመት ፈጀባቸው፤ እኛ ሁለት ዓመት ይበቃናል።

ለሚ ላይ ደግሞ ጊዜ የለም። በመስከረም 2017 በአካባቢው ግዙፉ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ፋብሪካው ሊቆፍር ያሰበውን የኖራ ድንጋይ ጥራትና መጠን ሳይመረምር አንድ ብር እንደማያወጣ ማንም ያውቃል። ከድንጋዩ በላይ የሚኖረውን ግን መመርመር የባዮሎጂ ሰዎች ድርሻ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ የወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ «ከፋብሪካው በፊት በዚህ ሸለቆ ስንት ቆቅ ነበር? የጭላዳው መንጋ የት የት ያድር ነበር?» ብሎ ወደ ቤተ መጻሕፍት ቢመጣ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የስንት ተማሪዎች አንጀት ወስፋት እንደነበረበት በአስርዮሽ ነጥብ ተሰልቶ ይሰጠዋል፤ በመጨረሻው ገጽ ደግሞ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ ተጽፎ ያገኛል።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። እንስሳውና ዕፅዋቱ ከባዮሎጂ ማስተርስ መስፈርት በይፋ ይሰረዙ፤ በተግባር የሌለውን በወረቀት ማቆየት ተማሪውን ያስጨንቃል እንጂ አይጠቅመውም። መሰረዛቸው አይሆንም የሚል ካለም በተቃራኒው ይሞክረው፤ ከሁለቱ ዓመት አንዱን በመስክ ያድርገው፤ የማስታወሻ ደብተሩን ከቴሲሱ እኩል ያስፈትን፤ ጥሬ መረጃውን ለዩኒቨርሲቲው ያስረክብ፤ ሁለት ገጽ ውጤት በአማርኛ ጽፎ ለቀበሌው ያንብብ፤ ፈታኙንም ከምሳ በፊት ገደሉ ጫፍ ድረስ ያስኬድ። እንዲህ ያለውን ወጪና ጣጣ የሚቀበል ሴኔት እስኪገኝ ድረስ የእኔው ረቂቅ ቢጸድቅ ይሻላል። የሽግግር አንቀጽ ቢገባበትም አልቃወምም፤ የትብብር ደብዳቤ ለማድረስ ወደ ለሚ ሲጓዝ በአውቶቡስ መስኮት ጭላዳ ያየ ተማሪ፣ ያየው ሳያስበው ከሆነና ማየቱንም በአባሪ ላይ በቅንነት ካስመዘገበ፣ በውጤቱ ላይ ምንም አይቀነስበትም።