ጉድጓዱ ሳይደፈን

ደባርቅ ላይ ቤት ስትሠራ ከግንበኛው ይልቅ የሚያደክምህ አላፊ አግዳሚው ነው። የእህቴን ቤት መሠረት ሳስቆፍር ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ መልስ ስሰጥ ሰነበትኩ።

«ምነው ይህን ያህል መቆፈር፣ ልትቀበርበት ነው?»

«ኋላ ግድግዳው እንዳይቀብረኝ ነው!»

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመጣ ሜዳ ሜዳው ላይ ዋልካ ሞልቷል። ዋልካ በሐምሌ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በየካቲት ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ላዩ ላይ የተቀመጠ ቤት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ልኩ የሜትር ቁጥር ሳይሆን ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራው መገኘቱ ነው። በላይኛው ጥግ ቶሎ አገኘነው፤ በቁልቁለቱ በኩል ግን የአሥራ ሁለት ሚሊ ፌሮ በእጄ ብጫነው ሊጥ ውስጥ እንደሚገባ ጣት ሰመጠ። እንደገና ዶማ አነሣን።

«ጎረቤትህ እስከ ጉልበቱ ብቻ ቆፍሮ ይኸው ቤቱ ቆሟል።»

«ቤቱስ ቆሟል፤ በሩን ጠይቀው!» በክረምት አልዘጋ ይላል፣ በበጋ ንፋስ ያስገባል። ከመስኮቱ ጥግ ሽቅብ የወጣውን ስንጥቅ በየዓመቱ በልስን ይደፍኑታል፣ በየዓመቱ ይመለሳል።

«አባቶቻችን መቼ ይህን ያህል ቆፍረው ያውቃሉ?»

«አባቶቻችን መቼ ብሎኬት ደርድረው ያውቃሉ?» ማገርና ጭቃ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ይለመጣል፤ ብሎኬት ይሰነጠቃል። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ከስሜን ፓርክ ውስጥ፣ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ። ዕድሜውን በእንጨትና በሣር ቤት የኖረ ሰው ካሳና ቦታ ተሰጥቶት «ቤት ሥራ» ሲባል፣ ብሩን ከማውጣቱ በፊት አፈሩን አብሮት የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።

«የጎንደር ግንብስ? በኖራ ተሠርቶ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው!»

«ፋሲል ቦታውን መርጦ ነው፤ እኔ ደርሶኝ ነው!» ግንቡ ያለው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ከፍ ካለው ላይ ነው፤ ውሃው ግራና ቀኝ ይወርድለታል። እኛ ውሃውን ራሳችን ማውረድ አለብን፦ ከላይ በኩል ቦይ፣ ለቆርቆሮው አሸንዳ። የጣሪያ ጠፈጠፍ በመሠረቱ ሥር ከሰረገ ቁፋሮው ሁሉ ከንቱ ነው።

«ድንጋይ ይታጠባል እንዴ? ልትቀቅለው ነው?»

«ሲሚንቶው አፈር አይበላም!» አቧራ የለበሰ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲሚንቶውን ከአሸዋ አንድ ለሦስት ብታቦካም አይይዝም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የመሃሉ ነገር ነው። ግንበኛው የግንቡን ሁለት ፊት በሲባጎና በቱንቢ አሳምሮ ይሰድራል፤ መሃሉን በደረቅ ስብርባሪ ይሞላዋል። አንድ ከሰዓት አንዱን ድንጋይ አስነሣሁት። ከሥሩ ክፍት ነው፣ ሲሚንቶ የሚባል አልነካውም።

«ጋሼ፣ ማን ሊያየው ነው?» አለኝ።

«ወንድሜ፣ እህቴ ልጆቿን ይዛ ላዩ ላይ ትተኛለች!»

ዝም አለ። አፈረሰና ደገመው፤ በየመካከሉም ከፊት እስከ ጀርባ የሚደርስ ማሰሪያ ድንጋይ እያስገባ።

«ለጉድጓድ ደግሞ መሐንዲስ ይጠራል?»

«ግድግዳውን ዕድሜ ልኬን አየዋለሁ፤ ጉድጓዱ ነገ ይደፈናል!» የሕንፃ አዋጁ ግንባታ የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም እንዲኖር ደንግጓል። ሹሙ ከተደፈነ በኋላ ቢመጣ የሚያየው አፈር ነው። ስለዚህ ከድንጋዩ በፊት አንድ ጊዜ፣ የግሬድ ቢሙ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ ፌሮው እንደታሰረ ሌላ ጊዜ ጥሩት።

«በየቀኑ የምታጠጣው ምንድን ነው፣ ጎመን ነው?»

«ጎመንስ ቢደርቅ ሌላ ይተከላል!» የደባርቅ ፀሐይና ንፋስ እርጥቡን አርማታ በአንድ ቀን ያደርቀዋል፤ ቢያንስ ሳምንት ጆንያ አልብሰን ጠዋት ማታ አጠጣነው።

ባለፈው «ልትቀበርበት ነው?» ያለኝ ሰውዬ መጣ። የእሱም ቦታ ቁልቁለት ነው።

«ያን ፌሮ ታውሰኛለህ?»

«ጉድጓዱን ካልደፈንከው ከነባለቤቱ ውሰደው!» አልኩትና ተያይዘን ወረድን።