ዋንጫ ይዞ ሽምግልና

አጎቴ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ሕግ አንድም ነገር አያውቁም። የሚያውቁት ዋጋ ነው፤ እሱንም የሚገዙበትን እንጂ የሚሸጡበትን አይደለም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2014 እና በ2024 የውድድር ዘመን ሻምፒዮን ሲሆን ኮሎምበስ ከተማ ያተመውንና የሸመነውን ሁሉ በየጋራዥ ሴሉ እየለቀሙ ምድር ቤታቸውን ሞልተውታል። ፎጣው፣ ሳህኑ፣ ትንንሹ የራስ ቁር፣ ቆርኪው ያልተነካ የመታሰቢያ ለስላሳ በሳጥኑ። እትዬ በርበሬያቸውን የሚያኖሩበት ጥግ ካጡ ቆይተዋል።

«ይወደዳል» ይላሉ አጎቴ። እኔ ግን ሰው ሁሉ ይወደዳል ብሎ ያስቀመጠው ዕቃ ሲወደድ አላየሁም። ከድሉ ማግስት የወጣውን ጋዜጣ ያልገዛ የለም፤ ገዝቶም በላስቲክ ያልጠቀለለ የለም። ታዲያ ማን ከማን ይፈልገዋል?

የዘመዳችን ልጅ አን አርበር ያለች ልጅ ወዶ ሽማግሌ ላኩልኝ ሲል፣ አጎቴ ባዶ እጃችንን አንሄድም አሉ። አን አርበር የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ሁለቱ ቡድኖች በሚገናኙበት ሳምንት ኦሃዮ ስቴት ግቢ ውስጥ በየጽሑፉ ላይ ያለች «ኤም» የምትባል ፊደል በቀይ ፕላስተር ትሰረዛለች፤ ጠቡ እስከዚህ ነው። ይህን ብነግራቸው፣ «የምንሄደው ሐበሻ ቤት ነው» ብለው አሳረፉኝ።

የመረጡት ስጦታ የብሔራዊ ሻምፒዮናው ዋንጫ አምሳያ ነበር። እውነተኛው በ24 ካራት ወርቅ፣ በነሐስና በማይዝግ ብረት የተሠራ፣ አሥራ ስድስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው። የእኛው በአንድ እጅ ይነሳል። ቢሆንም መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ አስቀመጡብኝ፤ ምክንያታቸው አላባማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያ የአንድ ተጫዋች አባት ምንጣፍ አደናቅፏቸው ሠላሳ ሺህ ዶላር የሚገመተውን የክሪስታል ዋንጫ አፍርሰውታል። «የሰው አባት ከሰበረው አንተ ምን ታደርግ ይሆን?» አሉኝ።

ለጠርሙሶቹ ግን ይህን ያህል አልተጨነቁም። ቶሌዶ ላይ ገዢ አለ ብለው ከማታው ጀምሮ ከመኪናው ኋላ፣ ከጋቢዎቹ ጎን ጭነዋቸው ነበር። ወሩ የካቲት ነው። የኦሃዮ ብርድ ለስላሳውን በረዶ አድርጎት፣ በረዶውም ጠርሙሱን አፈነዳው። ልጃችሁን ስጡን ልንል የገባነው ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያችን በስኳር ደርቆ ቆሞ ነበር።

እንደ ወጉ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም አልንና ቆምን። አጎቴ ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ሚሺጋን በ2023 ሻምፒዮን የሆነበት የመታሰቢያ ኳስ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ የልጅቷ አባት።

«የ2024ቱ የሻምፒዮን ዋንጫ ነው ጌታዬ፤ ለክብርዎ ነው።»

ወንድሟ ከወጥ ቤት ብቅ አለ። «ጋሼ፣ በዚያው ዓመት እኮ በሜዳችሁ 13 ለ 10 አሸንፈናችኋል። የወርቅ ሱሪ የላችሁም!»

አጎቴ ሱሪያቸውን አዩ።

ልጁ ግን እውነቱን ነው። ኦሃዮ ስቴት ከ1934 ጀምሮ ሚሺጋንን ላሸነፈ ተጫዋቹ ሁሉ የአንገት ጌጥ የምታህል የወርቅ ሱሪ ይሰጣል። የ2024ቱ ልጆች በኅዳር ለሚሺጋን ተሸንፈው፣ በጥር ኖትር ዳምን 34 ለ 23 ረትተው የአገሪቱን ዋንጫ ሲያነሱ፣ ሱሪዋ ግን አልነበረቻቸውም። ከዚህ ሁሉ ኮተት እኔን የምትገርመኝ ይህች ሱሪ ናት። በ2010 አምስት ተጫዋቾች ሱሪያቸውን፣ ቀለበታቸውን፣ የገዛ ዕቃቸውን ሸጠው፣ ንቅሳትም ተነቅሰውበት ተገኙና አምስት አምስት ጨዋታ ተቀጡ። አሠልጣኙ ጂም ትሬስል ነገሩን እያወቁ ዝም በማለታቸው በ2011 ሥራቸውን ለቀቁ፤ ዩኒቨርሲቲውም የ2010 የውድድር ዘመን ድሎቹን ከመዝገብ ሰረዘ። ያኔም የቡድኑን ማሊያ በየሱቁ መቸብቸብ የተፈቀደ ነበር፤ የተከለከለው ላቡን ያፈሰሰው ልጅ ብቻ ነው። ልጆቹ በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው ገና በ2021 ነው።

አባትየው በመጨረሻ ሳቁ። «ስለ ልጅቷ እንነጋገራለን፤ ይሄን ግን ከፊቴ አንሱልኝ» ብለው አስቀመጡን። ዋንጫው በር ሥር ከጫማዎቹ ጋር ዋለ። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ሆነ፤ ለመጀመሪያ ቀን ይህም ትልቅ ነገር ነው።

በመልስ ጉዟችን ቶሌዶ ቆምን። ገዢው ከፍንዳታው የተረፉትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አውጥቶ መሬት ላይ ደረደረና ባዶውን ሳጥን አነሳ። አሮጌ የእንጨት ሳጥን ነው፤ አጎቴ ከአንድ ሱቅ ጓሮ ተጥሎ ያገኙት። ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ሃያ አምስት ዶላር ሰጠ። ጠርሙሶቹንስ ብለው ቢጠይቁት፣ እነሱን መልሳችሁ ውሰዱ አለ።

አጎቴ ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ሳጥን ከሆነ ሌላም አለኝ» አሉት።